የኢብላ ጣቶች

ምቱ ድንገት ተቋረጠ።

ገጣሚዋ ሐሊሞ የሙሽራዋን ዘር እየቆጠረች በማወደስ ላይ ሳለች፣ የኢብላ ቀኝ እጅ ከበሮው ላይ አረፈና እዚያው ቀረ። አጨብጫቢዎቹ ሴቶች አንድ ሁለት ጊዜ ያለ ከበሮ አጨበጨቡ። መሀል ገብታ የምትጨፍረው የሙሽራዋ አክስት ሻሿን እንዳነሳች ቆመች።

"ኢብላ! ሰባተኛው አያት ላይ ስደርስ ትጥዪኛለሽ?" አለች ሐሊሞ። "ተሰደብን ብለው ወንዶቹ ቢነሱብኝ አንቺን ነው የማስረክባቸው!"

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። አክስቲቱ ግን አልሳቀችም።

"ይቅርታ፣ አባዮ፣ እህቴ። እጄ አልታዘዝ አለኝ።"

"ይቅርታውን ለሟቹ አያት ንገሪው!"

ሐሊሞ ውኃ ልትጠጣ ዞር ስትል ኢብላ ጣቶቿን ሻሿ ስር ደበቀች። አብጠዋል፤ ያቃጥላሉ። አማቷ "ብርድ ነው" ብላ በጋለ ብረት የተኮሰቻት የእጅ አንጓዋ ላይ ጠባሳው ገና አልጠፋም። ሐርጌሳ ውስጥ ሴቶች ሰርግ ሲደግሱ መጀመሪያ የሚጠሩት እሷን ነው፤ ሌላ ሥራ አታውቅም።

ዛሬ ጠዋት ሐኪሟ እጇን አገላብጣ አይታ፣ "ብርድ አይደለም" ብላታለች። "ደማችን ውስጥ ከበሽታ የሚጠብቁን ህዋሳት አሉ። ያንቺዎቹ መገጣጠሚያሽን ጠላት ነው ብለው ዘምተውበታል። እብጠቱ የእነሱ ውጊያ ነው።"

"የገዛ ዘበኞቼ?"

"የገዛ ዘበኞችሽ።"

"ታዲያ ሽማግሌ ይላክባቸዋ!"

ሐኪሟ ፈገግ አለች። "ሽማግሌው ይህ ክኒን ነው። ካልገታናቸው አጥንቱን ይበሉታል፤ የተበላ ደግሞ አይመለስም። ነገር ግን ክኒኑ ፅንስ ይጎዳል። ለነፍሰ ጡር የሚሆን ሌላ መድኃኒት አለ፤ እንዳንቺ የጠናውን ሕመም ማቆሙን ግን እንጃ። እርጉዝ ነሽ?"

"አይደለሁም" አለች ኢብላ።

ሁለት ፅንስ ሆዷ ሳይገፋ ወርዶባታል። የወር አበባዋ መዘግየቱን በአፏ ብታወጣው ይህኛውም የሚሰማና የሚሄድ መሰላት።

አሁን ክኒኑን ከቦርሳዋ አወጣች። አጠገቧ የምታጨበጭበው ሹክሪ አየቻት።

"ለእጅሽ ነው?"

"ለእጄ ነው።"

"ዋጪዋ! ሰው እንዴት መድኃኒት ይዞ ይታመማል?" ሹክሪ የሻይ ብርጭቆዋን አቀረበችላት።

ኢብላ ክኒኑን መዳፏ ላይ አድርጋ ቆየች። ትንሽ፣ ቢጫ ነገር ነው። ጣቶቿ ሊጨብጡት እንኳ አልቻሉም።

"ኢብላ፣ ሟቹ እየጠበቀ ነው!" ሐሊሞ ተጣራች።

ኢብላ ክኒኑን ወደ ቦርሳዋ መለሰች። ነገ ለሐኪሟ እውነቱን ትነግራታለች። ከበሮውን በክንዶቿ ደግፋ አነሳችና ሹክሪ ጭን ላይ አኖረችው።

"እኔ?" ደነገጠች ሹክሪ። "ለዛሬ ብቻ ነው አይደል?"

"ሰርግ ከመሄድሽ በፊት ቆዳውን ፀሐይ አሙቂው" አለች ኢብላ። "ዝናብ ሲሆን ደግሞ እሳት አጠገብ አድርጊው፤ ግን በጣም አታስጠጊው።"