ሚጣ «በቃ» ማለት ስትማር

የሚጣ አባት ታላቅ እህት ፊት ለፊት እቴቴ ትባላለች። ዞር ስትል ግን ዘመድ ሁሉ «ሬዲዮ» ነው የሚላት፣ መዝጊያ የሌላት። እሷ ያልመከረችው ባለትዳር፣ ያላከመችው በሽተኛ የለም። ልጅ አሳድጋ ባታውቅም በልጅ አስተዳደግ የሚስተካከላት አልነበረም።

ሐኪሙ ሚጣ ኦቲዝም እንዳለባት ሲናገር እቴቴ ምርመራውን ወዲያው አረመችው። «ምንም የለባትም፤ እናቷ አሞላቅቃት ነው።» በሌላ ጊዜ ደግሞ ጥፋተኛው የእናትየዋ የስፌት መኪና ሆነ፤ በእርግዝናዋ ወቅት ስትሰፋበት ንዝረቱ የልጅቱን ጭንቅላት ነካው ተባለ። እናትየዋ ልብስ ሰፊ ናት። አንገቷን ደፍታ ትሰፋለች፣ አንገቷን ደፍታ ትሰማለች።

ሚጣ ሰባት ዓመቷ ነው። ጫጫታ ሲበዛባት ክንዷን ትነክሳለች፣ እስኪደማ። የንግግር አስተማሪዋ በመንከስ ፈንታ አንዲት ቃል መረጠችላት፦ «በቃ»። «ቃሉን ባለች ቁጥር ያስጨነቃት ነገር መቆም አለበት። ካልቆመ ለምን ብላ ትናገራለች?» አለች።

እናትና ልጅ በስፌት መኪናው ይለማመዱ ጀመር። ወራት አለፉ። አንድ ጠዋት ሚጣ ከንፈሯን አሞጥሙጣ «ቃ» አለች። እናትየዋ እግሯን ከመርገጫው አነሳች። ቤቱ ጸጥ አለ። ሚጣ መኪናውን አየች፣ እናቷን አየች፣ ከዚያ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ያን ቀን የደንበኛ ቀሚስ አንድ እጅጌ ሳይገባለት ዋለ፤ ሁለቱ ሲያስነሱና ሲያቆሙ መሸ።

እሁድ እቴቴ መጣች። ሶፋው ላይ ተደላድላ ጀመረች።

«ሰው አታይም እኮ ይቺ ልጅ። አገጯን ይዞ ዓይን ዓይን ማሳየት ነው። የጎረቤቴ ልጅ እንዲሁ ነበር፣ እኔ ነኝ ቀጥ ያደረግኩት፤ አሁን ...»

ሚጣ ጆሮዎቿን ያዘች። ክንዷ ወደ አፏ ሄደ። መንገድ ላይ ቆመ። መዳፏን ወደ አክስቷ ዘርግታ ጥርት አድርጋ «በቃ» አለች።

ሬዲዮው ተዘጋ።

«እኔን ነው?» አለች እቴቴ።

«አዎ፣ እርስዎን ነው» አለች እናትየዋ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ። «በቃ ስትል ማቆም አለብን።»

እቴቴ ወደ ወንድሟ ዞረች። እሱ ዕድሜ ልኩን ሲፈልጋት የኖረውን ቃል ልጁ ቀድማው ስላገኘች ጣሪያውን እያየ ሳቁን በሳል ያለብሳል። እቴቴ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። እናትየዋ ልጇን አቅፋ አለቀሰች፤ ሚጣ ግን መታቀፍ ስለማትወድ «በቃ» አለቻት። ለቀቀቻት።

ወሬው ለዘመድ ሁሉ የደረሰው በራሷ በእቴቴ ስልክ ነው፤ ልጅቱን ስድብ እያስተማሩ ያሳድጓታል ብላ። በማግስቱ የአባትየው አጎት ለእናትየዋ ደወለ።

«እውነት ዝም አሰኘቻት?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንዴት ነው የሚለመደው?»

«ወራት ይፈጃል፣ ጋሼ» አለች እናትየዋ። «ለትልቅ ሰው ደግሞ ሳይብስ አይቀርም።»