ዘጠና አንድ በመቶ ጭንቀት

ጎረቤቴ ዶክተር ሀብተ ሥላሴ እዚሁ ቢቸና ካለው ካምፓስ ያስተምራል። ዘንድሮ የመምህራን የፈጠራ ውድድር ወጣ ተባለና እሱም ፈጠረ። የፈጠረው ቅጽ ነው። ተማሪው «ይጨንቅሃል? ትተኛለህ?» እየተባለ ይጠየቃል፤ ኮምፒውተሩ ደምሮ ጭንቀቱን በመቶኛ ያወጣል። ለተጨነቁትም የምክር ክፍል ተከፈተ፤ ሶፋ ከነላስቲኩ ገባበት። አማካሪ ግን ገና አልተቀጠረም።

እኔ ግቢ የተከራየችው አርሴማ የሞጣ ልጅ ናት፤ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ። «በምስጢር ይያዛል» ስላሏት እውነቱን ሞላች፤ ሁለት ወር ሙሉ እንቅልፍ አጥታ ነበር። በሳምንቱ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በማህተም ተለጠፈች፦ «ከፍተኛ ጭንቀት ያለባቸው። 3ኛ፣ አርሴማ ወልደ ኪዳን፣ 91%»። አንዱ ቦዘኔ በስልኩ አንስቶ ቴሌግራም ላይ ለቀቀው። ሞጣ እስኪደርስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም።

አባቷ መሪጌታ ወልደ ኪዳን በማግስቱ በመጀመሪያው መኪና ከተፍ አሉ።

«ዕቃሽን ሸክፊ። ጠበል ትገቢያለሽ።»

«አባዬ፣ ፈተናው እኮ በሚቀጥለው ሳምንት ነው!»

«ከመቶ ዘጠና አንዱ ሄዷል ተብሎ በማህተም ተጽፎ፣ በቀረው ዘጠኝ ልትፈተኚ ነው?»

ጠበሉን አልጠላሁም። ግን አንዴ ሞጣ ከገባች ትምህርቱ እንዳበቃለት ሁላችንም እናውቃለን። መሪጌታን አንድ ሰዓት ብቻ እንዲታገሡኝ ለምኜ ዶክተሩ ቢሮ ሄድኩ።

«ምነው ዶክተር፣ ምስጢር ነው አላልክም?»

«ጋሽ ፋንታ፣ ግልጽነት ይባላል። ተራቸውን እንዲያውቁ ነው የለጠፍነው።»

«የምን ተራ? አማካሪ በሌለበት?»

«እሱ የሌላ ክፍል ሥራ ነው። የእኔ መለካት ነው። ሐሙስ የውድድሩ ዳኞች ይመጡብኛል፣ አታድርቀኝ።»

«ዳኞቹ ታዲያ ስንት ሰው ዳነ አይሉህም?»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ያን ሁሉ ዘመን ተምሮ ይቺ አልታየችውም ነበር።

«ማን… የዳነ ሰው አለ?»

«አርሴማ አለች። ዛሬ ጠዋት ፍርፍር ስትበላ በዓይኔ አይቻታለሁ።»

ከዚያ በኋላ አምስት ደቂቃም አልወሰደ። «በተደረገላት ከፍተኛ ክትትል ጭንቀቷ ከ91% ወደ 4% ወርዷል» ብሎ ጻፈና ማህተሙን ሁለት ጊዜ መታው። ለምን ዜሮ እንዳላደረገው ጠየቅሁት።

«ሳይንስ ነው ጋሽ ፋንታ፤ ዜሮ አያምኑም» አለኝ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ።

መሪጌታ ወረቀቱን ጮክ ብለው አነበቡ፤ ማህተሙን በጣታቸው ዳሰሱ። ልጃቸውን ግን እንዴት ነሽ ብለው አልጠየቋትም። «ተመስገን!» ብለው ግንባሯን ሳሟትና በስምንት ሰዓቱ መኪና ወደ ሞጣ ተመለሱ።

ከመናኸሪያ ስንመለስ አርሴማ፣

«ጋሼ፣ ከእንግዲህ ቢጨንቀኝም አይፈቀድልኝም ማለት ነው» አለች።

«እስከ አራት በመቶ ትችያለሽ» አልኳት።

ሳቀች። ፈተናዋን ትፈተናለች። እንቅልፉ ግን ገና አልመጣላትም።