የፈንዲሻ አርባ ቀን

ውሻቸው ፈንዲሻ ማህፀኗ የወጣው ማክሰኞ ዕለት ነው። የእንስሳት ሐኪሙ ለባለቤቶቿ አንድ ገጽ ወረቀት ሰጣቸው፤ ኤልሻዳይ ኩሽና ቆማ ለእናቷ ለባየሽ አነበበችላት። ለአሥራ አራት ቀን ሩጫ የለም፣ ዝላይ የለም፣ ደረጃ የለም። ከዚያ ቁስሉ ይታያል፤ ከዳነ በማሰሪያ አጭር አጭር መንገድ፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጨመሩ።

ባየሽ እጇን በፎጣ እያደረቀች እስከ መጨረሻው ሰማች።

«አርባ ቀን» አለች።

«ማሚ፣ አሥራ አራት ነው የሚለው።»

«ሰምቻለሁ። አርባ ቀን።»

ባየሽ እንዲህ ናት። ትምህርቷ ከሦስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ነገር ግን ሆዷ የተነካ ሴት አርባ ቀን ሳይሞላት ደጅ እንደማትወጣ ለማወቅ ክፍል መቁጠር አያስፈልግም ባይ ናት። የቅዱሳን ሥዕል ባለበት ቤት ውሻ አይገባም ብላ ሦስት ወር የተሟገተችውም እሷ ነበረች። አሁን ግን የገዛ ጋቢዋን አጥፋ ሶፋው ሥር አነጠፈችላት። በመጀመሪያው ቀን ገንፎ አገንፍታ፣ ቅቤ ጨምራ አቀረበች። ፈንዲሻ ሳህኑን ላሰችና ሁሉንም ምንጣፉ ላይ መለሰችው። ገንፎው በዚያው ቀረ፤ አርባው ቀን ግን አልቀረም።

ውሻዋ ዝም ብላ የምትተኛ ዓይነት አይደለችም። ስሟም የወጣው እንደሚፈነዳ ፈንዲሻ ስለምትዘል ነው። ኤልሻዳይ ለትምህርት ቤቷ ትሮጣለች፤ በየቀኑ የሰፈራቸውን ሐይቅ ስትዞር ፈንዲሻም አብራት ትዞር ነበር።

ከታች ፎቅ የምትኖረው ኢብሲቱ ልትጠይቅ ወጣች። እሷና ባየሽ የሚሠሩት አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። በሩ ላይ ቆማ ለውሻዋ እጅ ነሳች።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለቻት። ከዚያ ወደ ባየሽ ዞረች። «ለወንድ አርባ፣ ለሴት ሰማንያ አይደል የእናንተ ክርስትና? ያልተወለደው ወንድ መሆኑን በምን አወቅሽ?»

«ሰማንያ አላልኩም። እሱን አመስግኚ» አለች ባየሽ።

በአሥራ አራተኛው ቀን ሐኪሙ የፈንዲሻን ሆድ አየና ቁስሉ ድኗል አለ፤ ከዛሬ ጀምሮ አሥር አሥር ደቂቃ በማሰሪያ ትሂድ አለ። ኤልሻዳይ ቃል በቃል ተረጎመች። ባየሽ ጎንበስ ብላ አመሰገነች፣ ውሻዋን ይዛ ቤቷ ገባች፣ በሩን ቆለፈች። ለሽንት ሃያ ኪሎ ሙሉ ታቅፋ ደረጃውን ታወርዳታለች፣ ሣሩ ላይ ታቆማታለች፣ መልሳ ታቅፋ ትወጣለች። የሚኖሩባት የፈረንጅ ከተማ፣ የሮዝቪል፣ ጎረቤት ሁሉ በየመስኮቱ ሲያይ ከረመ።

ፈንዲሻ መጮህ የጀመረችው ያኔ ነው። ባየሽ ሥራ ስትሄድ ትጀምራለች፣ ስትመለስም ትጮሃለች። የሶፋውን እጀታ በላችው። በአሥራ ሰባተኛው ቀን ከሕንፃው ቢሮ ስለ ጩኸቷ ደብዳቤ መጣ፤ በሃያ ሁለተኛው ቀን ሁለተኛው። አንድ ደብዳቤ ከተጨመረ ውሻዋ በአሥር ቀን ውስጥ ከሕንፃው ትወጣለች ይላል። ኤልሻዳይ አንብባ ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው።

«አራስ አይደለችም እኮ፣ ማሚ። ሰልችቷት ነው። እሷ ከወጣች እኔም እዚህ ቤት አላወራም» አለች።

ውሻዋ እስክትወጣም አልጠበቀች፤ ከዚያው ዕለት ጀመረች። ከእናቷ ጋር ንግግሯ በአዎና በአይ ብቻ ሆነ። ባየሽ አሥራ ስምንት ቀን ቀርቷል ብላ ሳህን አጠበች። ምከረው፣ ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው የሚባለው ለእንደሷ ዓይነቱ ነው።

በሃያ ስድስተኛው ቀን ባየሽ አስቤዛ ይዛ በሩን ስትከፍት ፈንዲሻ በእግሮቿ መሃል ሾለከች። ደረጃውን ወረደች፣ መኪና ማቆሚያውን አቋርጣ ከጥዱ ሥር የነበረ ጥንቸል ተከተለች። ባየሽ ሽንኩርቱን በትና በነጠላ ጫማ ከኋላ ሮጠች። ብዙ መሮጥ ግን አላስፈለጋትም። ሐይቁን ዞራ የማይበቃት ውሻ መቶ እርምጃ ሳትሄድ ቆመች፤ የኋላ እግሮቿ ተንቀጠቀጡ፣ ሣሩ ላይ ተዘረረች።

ስፌቱ ተፈታ አለች ባየሽ በልቧ። ተንበርክካ ሆዷን ገልብጣ አየች። ቀጭን ነጭ መስመር ብቻ ነበር፤ ፀጉሩም በቅሎበታል።

ኢብሲቱ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ከአውቶቡስ ወርዳ ስትመጣ አየቻቸው። አልሳቀችም።

«ቁስሉ ደህና ነው» አለች ባየሽ ቀና ሳትል።

«የደከመው እግሯ ነው። ትንሹን ልጅሽን ኖህን የወለድሽ ጊዜ በስንተኛው ቀን ነበር ሥራ የገባሽው?»

«በአሥራ አንደኛው። ማን ያርሰኝ ነበር?»

«አውቃለሁ። ግን ሦስት ሳምንት አልጋ ላይ የከረሙትን ሽማግሌዎች እኔና አንቺ አይደለንም የምናነሳቸው? እንዴት እንደሚነሱ ታውቂያለሽ።»

ባየሽ ውሻዋን ልታቅፋት እጇን ዘረጋች፣ ከዚያ ተወችው። ሻሿን ፈታች፣ በውሻዋ ሆድ ሥር አሳለፈችና ሁለቱን ጫፍ ከላይ ያዘች። መጦሪያው ውስጥ አዛውንቶቹን በወገብ ቀበቶ የምታነሳው ልክ እንደዚያ ነው፤ አትጎትትም፣ ትደግፋለች እንጂ። አምስት እርምጃ ሄዱ። አረፉ። ሌላ አምስት። ደረጃው ላይ ግማሽ ሰዓት ፈጀባቸው።

በማግሥቱ ባየሽ ውሻዋ ትውጣ ስትል ኤልሻዳይ ደስ ብሏት የሩጫ ጫማዋን አጥልቃ መጣች። ባየሽ ማሰሪያውን ከእጇ ወሰደችባት። «እስከ ፖስታ ሳጥኑ» አለች። ልጅቷ ሐኪሙ አሥር ደቂቃ ብሎ ነበር ብትላትም አልሰማችም። የመጀመሪያው ቀን አምስት ደቂቃ ሆነ፣ በሦስተኛው ስምንት። በአሥረኛው የሕንፃውን ዙሪያ ሁለት ጊዜ ዞሩ። በየማታው ባየሽ የውሻዋን ሆድ በመብራት ታያለች፣ ቀይ ካለ በማግሥቱ አትጨምርም። አንድ ቀን ቀላ ያለ መሰላት፤ አልጨመረችም። ኤልሻዳይ በንዴት በር ዘጋች፣ ግን ቢያንስ ማውራት ጀምራ ነበር።

ፈንዲሻ ከሄደች በኋላ ትተኛለች። ጩኸቱ በሳምንት ውስጥ ጠፋ። ሦስተኛው ደብዳቤ አልመጣም። ሁለተኛው ግን ፍሪጁ ላይ እንደተለጠፈ ቀረ፤ ባየሽ አላነሳችውም፣ ሌላም ሰው አንሺው አላላትም።

በአርባኛው ቀን ሐይቁ ሄዱ። ባየሽ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሰዓቷን አየች። ልጅቷና ውሻዋ ዳርቻውን ይዘው ሮጡ፤ ከዛፎቹ ጀርባ ጠፉ፣ በወዲያኛው በኩል ብቅ አሉ፣ እያነሱ ሄዱ፣ ከዚያ እየጎሉ መጡ። ፈንዲሻ ምላሷን አንጠልጥላ ደረሰችና ባየሽ ጫማ ላይ አገጯን አሳረፈች።

ባየሽ ጎንበስ ብላ ሆዷን ዳሰሰች። ደረቅ ነው።

«አርባ ቀን ብዬ ነበር» አለች።

ኤልሻዳይ ውሃ መጠጣቷን ቀጠለች።