የሐይቅ ዳሩ ቤት እመቤት

«ፈርሚ አላልኩሽም፤ አንብቢው ነው ያልኩሽ» አለ ዋርሳዋ፣ የባሏ ታናሽ ወንድም፣ የቤት ሽያጭ ውሉን በሻይ ብርጭቆዎቹ መሃል ወደ እሷ እየገፋ። «በለቀስተኛ ፊት እንዲህ አትዪኝ ደግሞ፤ ላንቺ ብዬ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ እኮ ያየችው ብቻ ነው።

ባሏ ከሞተ አምስተኛ ቀኑ ነው። ሳሎኑ ከየጎረቤቱ በተሰበሰበ ወንበር ተጨናንቋል፤ ግማሹ ፕላስቲክ፣ ግማሹ እንጨት፣ አንደኛው እግሩ የሚነቃነቅ። የስፌት መኪናዋን ጥግ አስይዘው አንሶላ አልብሰውታል። ሰው ይገባል፣ «እግዜር ያጽናሽ» ይላል፣ ይቀመጣል፣ ትንሽ ይተክዛል፣ ከዚያ ስለ ኑሮ ውድነት ማውራት ይጀምራል። ምን ያድርግ! ስለ ሟቹ እንዳያወራ፣ ሟቹ የሚወራ ነገር አልተወለትም። ሠፈሩ የሚጠራው «ዝምተኛው» እያለ ነበር። ቧንቧ ሠሪ ነው፤ ይገባል፣ የሚያፈሰውን ይጠግናል፣ «ጨርሻለሁ» ይላል፣ ይወጣል። ሃያ ሁለት ዓመት አብራው ስትኖር እሷም ከዚህ የበለጠ ብዙ አልሰማችም።

«የሐይቁ ቤት ገዢ ቆራጥ ነው» አለ ዋርሳዋ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከጎን ያለው ሆቴል ባለቤት። ቱሪስቱ ሳይገባ አፍርሶ መዋኛ ሊያደርገው ነው። እስከ ነገ መልስ ይፈልጋል።»

«ሊያፈርሰው?»

«ታዲያ ምን አገባን? አንቺ እንደሆንሽ ደጁን ረግጠሽ አታውቂ!»

ታላቅ እህቷ በክርኗ ጎሸም አደረገችው። ያለው ግን እውነቱን ነው፤ ከአንድ ቀን በቀር ረግጣው አታውቅም።

ከስድስት ዓመት በፊት፣ ባሏ ከሥራ ገብቶ እጁን እየታጠበ ሳለ፣ «ልጅ የለንም። ሐይቁ ዳር ቤት ገዝተን ለእንግዳ እናከራይ። ስናረጅ እሱ ይጦረናል» አላት። ለሱ ይሄ ረጅም ንግግር ነው። እሷም የራሷን ሱቅ ልትከፍትበት ያጠራቀመችውን ሳታቅማማ ጨመረችለት። ቤቱን ሊያዩ ከደላላ ጋር ሄዱ። ሁለት ክፍልና ውሃውን ፊት ለፊት የሚያይ በረንዳ ነው። ደላላው «እንግዳ በር ላይ ነው የሚሰለፍልዎት!» እያለ ሲለፈልፍ ባሏ ቧንቧዎቹን በጣቱ ያንኳኳል። እሷ ደግሞ አልጋ ትቆጥራለች። አራት አልጋ፣ ስምንት አንሶላ፣ በየሳምንቱ። በአንዴ ደሟ ፈላ።

«ሰው ሲዝናና እኔ አንሶላ ላጥብ ነው? አባቴ ይሙት፣ እግሬ ተመልሶ እዚህ አይረግጥም!»

እንድትለመን ነበር። መለመን የማይወድ ማን አለ? «ተይ እንጂ፣ አንቺ ከሌለሽበት ለምኔ ነው?» ቢላት ኖሮ ከነመሃላዋ ሮጣ ትሄድ ነበር። እሱ ግን «እሺ» አለ። ቃል ለሱ እንደ ቧንቧ ማሰሪያ ነው፤ አንዴ ከጠበቀ አይነካም። ደግሞ አልጠየቃትም።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ቦርሳውን አንጠልጥሎ በር ላይ ይቆማል። «ሄድኩ» ይላል። «ደህና ግባ» ትለዋለች ከመኪናዋ ቀና ሳትል። ወዲያው አይሄድም፤ ትንሽ ይቆማል። እሷም መርፌው ላይ አፍጥጣ ትጠብቃለች። ከዚያ በሩ ይዘጋል። በዓመት አንድ ጊዜ የመስኮቶቹን ልክ በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ጠረጴዛዋ ላይ ይተውላታል፤ በመሰላት ጨርቅ መጋረጃ ሰፍታ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ትተውለታለች። እልህ ይሉታል ይሄን። እሷም ታውቀዋለች፣ ግን ማን ይጀምር?

ባለፈው ቅዳሜ እዚያው ልቡ ቀጥ አለ። ክፍሎቹን አጽድቶ በረንዳው ላይ አረፍ እንዳለ። ያገኙት ሻንጣ ጎትተው የመጡ እንግዶች ናቸው። የተኛ መስሏቸው፣ እንዳይቀሰቅሱት ብለው ግማሽ ሰዓት ቆመው ጠበቁት አሉ። እንቅልፍ የነሳት ይሄ ነው። ባሏን ባዳ አገኘው። እሷን ሽሽት ቤት ድረስ የሚገዛ ባል ያላት፣ ምን ዓይነት ሚስት ብትሆን ነው?

«ደግ ሰው ነበር» አለች ጎረቤታቸው ነርሷ። «አሥር ዓመት ስንጎራበት ድምፁን እንኳ ሰምቼው አላውቅም።»

ሁለት ሦስት ሰው ሳቁን ዋጠ።

«እኔም» አለች ልብስ ሰፊዋ። ከዚያ ወደ ዋርሳዋ ዞረች። «እስክሪብቶ ስጠኝ። ይሸጥና ልገላገል።»

ዋርሳዋ ኪሱን መዳበስ ሲጀምር የሟቹ ስልክ መስኮቱ ላይ ጮኸ። ሳሎኑ በሙሉ ክው አለ።

«እንግዳ ይሆናል። ስጪኝ፣ ቤቱ ተሽጧል ልበላቸው።»

ቀደመችው። «አቤት?»

«ውይ! ዛሬስ ሴት አነሳች!» አለ ያረጀ የሴት ድምፅ፣ ሳቅ እያለው። «እመቤቲቱ ነዎት እንዴ? በስንት ጊዜዬ!»

«ማን ልበል?»

«በየዓመቱ የምመጣው ጡረተኛ አስተማሪ ነኛ! ባለቤትዎ አልነገሩዎትም? ኧረ እሳቸው እንኳ ወሬ አያልቅባቸውም፤ በረንዳው ላይ ከተቀመጥን አፋቸው አይዘጋ!»

የተሳሳተ ቁጥር መሰላት። «የማንን ቤት ፈልገው ነው?»

«የናንተን ነዋ፣ የሐይቁን! የቧንቧ ሠሪውን! በመጣሁ ቁጥር እርስዎን ሳላገኝ። ‹አሁን ገና ወደ ገበያ ወጣች፣ ትንሽ ቢቀድሙ ያገኟት ነበር› ይሉኛል። ስድስት ዓመት ሙሉ! እኔማ ይቅር ይበሉኝና፣ ምን ዓይነት ገበያ የማትጠግብ ሴት ናት እል ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ ግድግዳውን ተደገፈች።

«መጋረጃውን ዘንድሮም ቀየሩት? ‹ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ማየት ትወዳለች› ብለውኛል። መስኮቱ ጥግ ያለችውን ወንበርማ ማን ይነካታል! ‹የሷ ናት፣ ስትመጣ እኔን ነው የምትቆጣኝ› እያሉ እንግዳውን ሁሉ ያስነሳሉ። ታድለሻል፣ ልጄ። እኔ ባሌ በሕይወት እያለ ስሜን በደግ ያነሳው ለልደት ብቻ ነበር።»

ዓይኗ እንባ ሞላ። እዚያ ቤት ስድስት ዓመት አብራው ስትኖር ኖራለች፤ ያልሰማችው እሷ ብቻ ናት። አንድ ቅዳሜ ቀና ብትል ምን ነበረበት? አንድ ቅዳሜ!

ዋርሳዋ እስክሪብቶውን ከፍቶ ዘረጋላት። በእጇ መለሰችው።

«የደወልኩት ለቅዳሜ ክፍል ይኖር እንደሆነ ብዬ ነው» አለች አስተማሪዋ። «እስቲ እሳቸውን ያቅርቡልኝ።»

ለቀስተኛው ሁሉ ዓይን ዓይኗን ያያል። ታላቅ እህቷ ስልኩን ልትቀበላት እጇን ዘረጋች።

«የለም» አለች ልብስ ሰፊዋ። «አሁን ገና ወደ ገበያ ወጣ።»

«አይ የናንተ ነገር!» አስተማሪዋ በሳቅ ፈነዳች። «ደግሞ በተራቸው?»

«አዎ፣ በተራው። ክፍሉ አለ። ቅዳሜ ይምጡ፤ እኔ እቀበልዎታለሁ።»

ስልኩ ተዘጋ።

«ምን ሆነሻል አንቺ?» አለ ዋርሳዋ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ። «ልትፈርሚ አልነበር እንዴ?»

«ቆይ፣ እያዋራሁት ነው» አለችውና፣ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ምንም የማይሰማበትን ስልክ ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ያዘችው።