የአሮጊቷ ነው በይ

«እዚህ የነበረው ካርቶንስ?» አለች ሪሐብ፣ የፍሪጁን በር እንደከፈተች።

የታችኛው መደርደሪያ ለቀስተኛ ባመጣው ምግብ ተሞልቷል። ምሽት አንድ ሰዓት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል።

«የእማማ መስቱራን መድኃኒት? አሁን አነሳነው» አሉ ለቅሶ ቤቱን ሊያግዙ የመጡት ወይዘሮ ሰዓዳ ሽንኩርት እየላጡ። «ባየሽው ቁጥር ሆድሽ እንዳይባባ ብለን ነው። ራንያ ስትሄድ ፋርማሲ ወስዳ ሪተርን ታደርገዋለች። አረፍ በይ አንቺ፣ ፊትሽ አባብጧል።»

የለቅሶው ሦስተኛ ቀን ነበር። የባሏ የሙሂዲን እናት እማማ መስቱራ እዚሁ ለንደን፣ ፊንስበሪ ፓርክ፣ ከልጃቸው ቤት፣ ተኝተው ሳይነሡ ቀሩ። ሴቶቹ ሪሐብን እያዩ «ምራት ለአማቷ እንዲህ ስታለቅስ አይተንም አናውቅ» ይባባላሉ። አንዷማ ሆዷን ሰርቃ አይታ «ሳታረግዝ አልቀረችም» ብላ አንሾካሽካለች። ሪሐብ ሰምታታለች። ሆዷ የተነፋው፣ ጡቷ የሚያማት፣ በየካቲት ብርድ ላብ የሚያጠምቃት ግን በልጅ ሳይሆን ልጅ ለማግኘት በምትወጋው መርፌ ነው። ሦስተኛ ዙሯ ነው፤ ሌላ ዙር እንደሌላት ተነግሯታል። የምታለቅሰው ከሐዘኑ ይሁን ከመድኃኒቱ ለይታ አታውቅም። ደክሟታል።

እማማ መስቱራ ስኳር ነበረባቸው። ራሳቸውን ኢንሱሊን ሲወጉ ዓመታት አልፈዋል። ሪሐብን በመጀመሪያው ቀን መርፌውን ይዛ መውጋት ፈርታ ያገኟት እሳቸው ናቸው። የመድኃኒቷን ካርቶን ተቀብለው ከራሳቸው መድኃኒት ሥር ሸሸጉላት።

«የጠየቀሽ ካለ የአሮጊቷ ነው በይ። የኔን ስኳር የማያውቅ አበሻ ለንደን ውስጥ የለም።»

ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። «እኔ ልቅደም፣ እይኝ» ይሏታል። ሲጨርሱ ጥጥ ለራሳቸውም ለእሷም ይቀድዳሉ።

ባለፈው ሳምንት፣ ቴሌቪዥኑን ለምን አይቀንሱም ብላ ጮኸችባቸው። ወዲያው ደንግጣ ማልቀስ ጀመረች። እሳቸው ሳቁ።

«የጮኸብኝ መድኃኒቱ ነው፣ አንቺ አይደለሽም። ማታ እሱን ራሱን እወጋዋለሁ!»

አሁን፣ ለለቅሶ የመጣችው ራንያ ኤድመንተን ወዳለው ቤቷ የሚወስዳት አውቶቡስ እንዳያመልጣት ኮቷን ለብሳ በር ላይ ደርሳለች። መድኃኒቱ ያለበት ፌስታል በእጇ ነው።

«ራንያ፣ እሱን ስጪኝ።»

«ኧረ ሪሑዬ! የሞተ ሰው መድኃኒት ምን ያደርግልሻል? ተይ፣ ራስሽን አትጉጂ።»

ሳሎን የተቀመጡት ዘወር አሉ። ሙሂዲን ከወንዶቹ መሀል ቀና ብሎ አያት። ከእሱና ከእናቱ በቀር ነገሩን የሚያውቅ አልነበረም። የአሮጊቷ ነው እንዳትል፣ አሮጊቷ የሉም።

«የኔ ነው» አለች። «ለመውለድ የምወጋው ነው። ሰዓቴ ደርሷል።»

ራንያ አፏን እንደከፈተች ፌስታሉን ዘረጋችላት። ወይዘሮ ሰዓዳ ከኩሽና ብቅ አሉ፣ ቢላዋው በእጃቸው።

«ታዲያ ምን ትገተሪያለሽ? መንገድ ልቀቂላት እንጂ!»

የእማማ መስቱራ አልጋ ተነጥፏል። ከጠርዙ፣ በለመደችው በኩል ተቀመጠች። ሙሂዲን ተከትሏት መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ልርዳሽ?»

መርፌ ሲያይ ራሱን እንደሚያዞረው ታውቃለች።

«በሩን ብቻ ዝጋልኝ።»

በልዞ ያልጠቆረ ቦታ ፈልጋ ቆዳዋን ቆነጠጠች። ወጋች። ዕንባዋ ወረደ፤ ከየት እንደመጣ ግን ዛሬ አልመረመረችም።

ከዚያ ጥጥ ቀደደች። እጇ እንደለመደው ሁለት ነበር የቀደደችው። አንዱን ሆዷ ላይ ያዘች። ሌላውን አጠገቧ፣ ፍራሹ ጎድጎድ ያለበት ቦታ ላይ አኖረችው።