በናሱና በአልሙኒየሙ መካከል

1.

በጣቴ ስጫነው የጀልባዋ ሆድ እንደ ደረቅ ቂጣ ተፈረፈረ። ነጭ ዱቄት።

ውሃ ላይ በዋለች በሁለት ዓመት።

ከሐይቁ በገመድ ጎትተው ካወጧት በኋላ ነው ያየኋት። የነደፍኳት እኔ ነኝ፤ ብዙነሽ እባላለሁ። የሠራት ዛለቀ ነው። አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ወርክሾፕ ውስጥ አብረን ሠርተናል።

2. ንድፉ ላይ የጻፍኩት

ሀ. አካሏ አልሙኒየም ይሁን።
ለ. የውሃ ማስወጫው ቧንቧ ናስ ነው፤ ሌላ አልተገኘም።
ሐ. ሁለቱ እንዳይነካኩ መካከላቸው ወፍራም ላስቲክ ይግባ።

ለማያውቅ ሰው፦ ሁለት ዓይነት ብረት ጨዋማ ውሃ ውስጥ ከተነካካ ደካማው እየተበላ ያልቃል። ናሱ ምንም አይሆንም። የእኛ ሐይቅ ደግሞ ጨዋማ ነው።

3.

ማክሰኞ ጠዋት ከደሴቱ አሥራ ዘጠኝ ሰው ይዛ ስትመጣ በቧንቧው ዙሪያ ያለው አልሙኒየም ተቦድሶ ውሃ ገባ። ነጂው ጋቢውን ቀዳዳው ውስጥ ጠቀጠቀ። አልያዘለትም።

አሥራ ስምንቱ ወጡ።

ወይዘሮ አስካለ ገበያ ሊሸጡት የያዙትን ጥጥ እንዳቀፉ ሐይቁ ውስጥ ቀሩ።

4. ከአጣሪ ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ

ሰብሳቢ፦ ላስቲኩ ለምን አልገባም?
ዛለቀ፦ የተሰጠኝ ንድፍ ላይ ላስቲክ የሚል የለም።
ሰብሳቢ፦ እርግጠኛ ነዎት?
ዛለቀ፦ ንድፉ እጃችሁ ላይ አይደል?

እኔም አየሁት። ፎቶ ኮፒ ነው። ሦስተኛው መስመር በወረቀት ተሸፍኖ ነው የተነሳው። ፊርማው ግን የኔ ነው። ዋናው ንድፍ ወርክሾፑ መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ አሁን የለም።

5.

ይህን ክፍል ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ፤ ስድብ እየሆነብኝ። አሁን ከዛለቀ ጋር የተባባልነውን ብቻ ልጻፈው።

"ላስቲኩ አልደረሰም ነበር፣ ብዙዬ። የምረቃው ቀን ደግሞ ተቆርጧል። በኋላ አስገባዋለሁ ብዬ ነው።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርሽ ታስቆሚኛለሽ።"

"አዎ፣ አስቆምህ ነበር።"



"እኔ ልጅ አለኝ። አንቺ ብቻሽን ነሽ። ጥፋቱ ባንቺ ቢላከክ ትችይዋለሽ።"

ትችይዋለሽ።

6.

የዛለቀ ልጅ ትብለጥ የደሴቱ ትምህርት ቤት አስተማሪ ናት። አፏን ከፈታች ጀምሮ አክስቴ ነው የምትለኝ። በወይዘሮ አስካለ ልቅሶ ላይ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

"አክስቴ፣ አባዬ በአዲሷ ጀልባ እንዳልሄድ ከልክሎኝ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ በእንጨቷ ጀልባ ነው የተመላለስኩት። ለምን ስለው፣ ዝም ብለሽ እሺ በይኝ ይለኛል።"

 ፊቴን አይታ ገባት።

ሁለት ዓመት ሙሉ ያውቅ ነበር። የራሱን ልጅ አውርዶ የሰው አሳፍሯል።

ሰው ሁሉ እስኪነሳ ድረስ ነጠላዋን በጣቷ ስትጠቀልል ቆየች።

"ስሜ ተጠርቶ ከጠየቁኝ አልዋሽም" አለችኝ። "በራሴ ተነስቼ ግን አባቴን ... አልችልም፣ አክስቴ።"

7. ለኮሚቴው ዛሬ የሚመለስ ቅጽ

የአደጋው ምክንያት፦ ናስና አልሙኒየም ያለ ላስቲክ ተገናኝተው።

ንድፉ ተቀይሯል ይላሉ? አዎ።

ሠሪው አደጋውን አስቀድሞ ያውቅ ነበር ይላሉ? አዎ።

የሚያስረዳ ምስክር ካለ፣ ሙሉ ስም፦