ነጭ የቀረው ቦታ

እናቴን ቦታዋን ያስነጠቅኋት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ላይ ለማላከክ ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም።

ቦታው አጎቴ ሕንፃ ውስጥ፣ ምድር ቤት፣ ደረጃው ሥር ነው። አራት ካሬ ሜትር ከሃያ። በአንድ በኩል ጣሪያው ዝቅ ስለሚል እናቴ ከስፌት መኪናዋ የምትነሣው ጎንበስ ብላ ነው፤ ልማድ ሆኖባት ቤታችንም ውስጥ ከወንበር ስትነሣ ጎንበስ ትላለች። እዚያ አሥራ አንድ ዓመት ሱሪ አሳጥራለች፣ ቀሚስ አጥብባለች፣ ዚፕ ቀይራለች። እኔ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት በዚያ ዚፕ ነው። ኪራይ አትከፍልም። አባቴ የሞተ ጊዜ አጎቴ፣ ታላቅ ወንድሟ ነው፣ “እስኪሰለችሽ ተቀመጪበት” ብሏት ነበር።

አጎቴ አምስት ሕንፃ አለው። ተከራዮቹ ከኋላው “እንጥፍጣፊ” ይሉታል። የመታጠቢያ ቤቱን ፈሳሽ ሳሙና ራሱ ቆሞ በውኃ ሲያቀጥን ዘበኛው በዓይኑ አይቷል።

ስድስተኛውን ሊገዛ ሲነሣ ባንኩ የዚህን ሕንፃ ፕላን ጠየቀው። “የእህቴ ልጅ አርክቴክት አይደለች እንዴ?” አለ። ክፍያዬ ምርቃት ነበር። እኔም ችሎታዬን ላሳይ ብዬ ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ በሌዘር ለካሁ፤ አንዲት ሴንቲሜትር አላስተረፍኩም። ከዚያ ቀለም ቀባሁት። ሱቆቹን ሰማያዊ፣ ቢሮዎቹን አረንጓዴ፣ ኮሪደሩንና ደረጃውን ግራጫ። የቀረውን፣ ኪራይ የማይከፈልበትን፣ ነጭ ተውኩት። ማንም አላዘዘኝም፤ ሥራዬ ንጹሕ እንዲሆን ብቻ ነበር። በስድስቱም ፎቅ ነጭ የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነው።

አጎቴ ፕላኑን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጎንበስ አለ። ያን ሁሉ ቀለም አላየውም። ጣቱን ነጩ ላይ አሳረፈ።

“ይሄ ምንድን ነው?”

“የእማዬ ቦታ ነዋ።”

“እኮ፣ ለምን ባዶ ሆነ?”

“ባዶ አይደለም። እሷ አለችበት።”

“ባዶ ነው” አለና በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገው፤ ወረቀቱ ላይ የተለጠፈ ቆሻሻ ይመስል።

በሳምንቱ ዘበኛው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ለእናቴ ወረቀት ሰጣት። እስከ ቅዳሜ ቀትር ቦታውን ትለቅ ዘንድ ታዝዛለች። ወረቀቱ “ውድ ተከራያችን” ብሎ ይጀምራል።

አጎቴ ቢሮ ለመድረስ ሊፍት አልጠበቅሁም፤ ስድስቱን ፎቅ በእግሬ ወጣሁት።

“ቁጭ በይ” አለኝ። “ሻይ ይምጣልሽ?”

“ሻይ አልፈልግም። እማዬ ኪራይ ትከፍላለች፤ ዋጋውን ይንገሩኝ።”

ደነገጠ። “ከእህቴ ኪራይ ልቀበል? ሰው ምን ይለኛል?”

“ሲያስወጧትስ ሰው ምንም አይልም?”

“እሱ ሌላ ነገር ነው። ደክማለች፣ ቤቷ ትረፍ። እኔ በየወሩ እደጉማታለሁ።”

“ሠርታ መክፈል እየቻለች ድጎማ ምን ያደርግላታል?”

“አንቺ ልጅ፣ ትምህርቱ ምላስሽን ብቻ ነው እንዴ ያስረዘመው?”

ክንዴን ይዞ ወደ መስኮቱ ወሰደኝ። ከመንገዱ ማዶ ዙሪያውን መስታወት የለበሰ ሕንፃ ቆሟል። ባለቤቱን ሰው ሁሉ “ባለመስታወቱ” ይለዋል።

“እዚያ ደረጃ ሥር ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? ስልክ ጠጋኝ። ጣሪያው ላይስ? የኔትወርክ ምሰሶ። ሊፍቱ ውስጥ እንኳ ማስታወቂያ ለጥፎ ያስከፍላል! ሰውዬው አንዲት ጥግ አይጥልም።” ድምፁ ውስጥ ቅናት እጠብቅ ነበር፤ የሰማሁት ፍርሃት ነው። “ያንን ፕላን ካየሁ ወዲህ ዓይኔን በከደንኩ ቁጥር ያ ነጭ ነገር ነው የሚመጣብኝ።”

“ስንት ሲሆን ነው የሚበቃዎት?”

አየኝ። ጥያቄው አልገባውም። እየሸሸኝ ቢሆን ደስ ባለኝ፤ የምር አልገባውም።

“ይበቃል ማለት ምን ማለት ነው?” አለ። “ባለመስታወቱ ቆሟል እንዴ?”

ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ዓመት ላይ የሰው ልጅ ፍላጎት ወሰን የለውም ብለው አስተምረውናል። ጽፌዋለሁ፣ ተፈትኜ አልፌበታለሁ። ውሸት ነው። እንጥፍጣፊና መሰሎቹ የራሳቸውን ገመና የሰው ሁሉ ጠባይ አድርገው መጽሐፍ ላይ አስጻፉት እንጂ። የእናቴን ፍላጎት እኔ በሌዘር ለክቼዋለሁ፤ አራት ካሬ ከሃያ ነው።

ስወርድ እናቴ ወረቀቱን አጣጥፋ ከክር ሳጥኗ ሥር አድርጋዋለች። ከፊቷ የአጎቴ ኮት ተዘርግቷል። ቅዳሜ ባለመስታወቱ ልጁን ይድራል፤ አጎቴም ተጠርቷል። ሆዱ ስለገፋና ኮቱ ብብቱ ላይ ስለያዘው ከገበሩ ጀምሮ ፈትታ እያሰፋችለት ነበር።

“ገና ትሰፊለታለሽ?” አልኳት።

“የጀመርኩትን ምን ላድርገው?”

“አቃጥዪው!”

“ጨርቁ ምን አደረገ?” አለችና መርፌዋን ወደ ብርሃኑ አንሥታ ክር አስገባች።

ቅዳሜ ጠዋት የስፌት መኪናውን ከዘበኛው ጋር ተሸክመን ኮሪደሩ ላይ አወጣነው። እናቴ ደረጃው ላይ ተቀምጣ የኮቱን የመጨረሻ እጅጌ በእጇ ጨረሰች። አጎቴ ቀትር ሊሆን ሲል መጣ። ለበሰው፤ በአንዱ ሱቅ መስታወት ፊት ዞር ዞር አለ። ጨርቁ ትከሻው ላይ ያለ አንድ ሽብሽብ ተኝቷል።

“እጅሽ ይባረክ” አለና ሊሄድ ዞረ።

ካፈርኩ አይመልሰኝ። “ጋሼ፣ የኮቱን ሂሳብ” አልኩ።

“የምን ሂሳብ?”

“የሥራውን። ዋጋው የዚህ ቦታ የአንድ ወር ኪራይ ነው።”

ይቆጣል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ፊቱ ግን በራ። ቢሮው መስኮት ጋ ያን ያህል ፈዞ የነበረው ሰውዬ ዓይኑ ነቃ፣ አንገቱ ቀና አለ።

“ግማሹን!” አለ።

ያኔ ገባኝ። ብሩ ምኑም አይደለም፤ ለሰርጉ በኤንቨሎፕ የያዘው ስጦታ ብቻ የኮቱን ዋጋ ሃያ እጥፍ ይሆናል። የሚፈልገው ከሌላው እጅ አንዲት ብር ስትቀነስ ማየት ነው። የገዛ እህቱም ብትሆን።

“ወንድምጋሼ” አለች እናቴ። አልጮኸችም። “አሥራ አንድ ዓመት ያንተን፣ የልጆችህን፣ የሾፌርህን ሳይቀር ልብስ ሰፍቻለሁ። እኔ ያ ኪራዬ መስሎኝ ነበር።”

“እሱማ የወንድምና የእህት ነገር ነው።”

“እንግዲያው የወንድምና የእህቱ ነገር እዚህ ላይ አበቃ። ሙሉውን ክፈል፤ አለዚያ አውልቀው።”

“ሁለት ሦስተኛ።”

እናቴ ከአንገቷ የተንጠለጠለውን ሜትር አውልቃ አቀበለችኝ። መተርተሪያዋን ከኪሷ አወጣች። በቆመበት ከኋላው መጥታ ትከሻው ላይ ጀመረች፤ ክሩ ጠ፣ ጠ፣ ጠ እያለ ይበጠሳል። አጎቴ እየቀለደች መስሎት ንቅንቅ አላለም።

“እሺ፣ ሦስት አራተኛ!” ሲል እጅጌው ከነገበሩ ወረደ።

ዘበኛው ሳል ያዘኝ ብሎ ወጣ። አጎቴ ክንዱን አየ፣ እኔን አየ፣ በመጨረሻ እናቴን አየ። “አበዳችሁ!” አለና በአንድ እጅጌ ኮት ወደ መኪናው ሮጠ። ሌላኛው እጅጌ እናቴ እጅ ላይ ቀረ።

ቦታው አልተመለሰልንም። ይህን የምጽፈው ከአራት ወር በኋላ ነው። እናቴ ከአንድ ፀጉር አስተካካይ ግማሽ ክፍል ተከራይታለች። ደንበኞቿ እኩሌታው ጠፍተውባታል፤ የተቀሩት የተቆረጠ ፀጉር ሱሪያቸው ላይ እየተለጠፈ ያማርራሉ። ደረጃው ሥር ደግሞ እንደተቆለፈ ነው። አጎቴ፣ ባለመስታወቱ ከስልክ ጠጋኙ ከሚቀበለው ኪራይ አሳንሶ ላያከራይ ምሏል፤ በዚያ ዋጋ የሚገባበት ሰው አልተገኘም። እናቴን አስወጥቶ ጨለማውን አስቀመጠበት። ፕላኔ አሁን ነው ትክክል የሆነው።

ሠላሳ ኮት አለው። ይሄኛውን ግን መተው አልቻለም። ትናንት ሾፌሩ ለሦስተኛ ጊዜ መጣ፤ ባለ አንድ እጅጌውን ኮት ክንዱ ላይ እንደ ሕፃን አቅፎታል።

“እትዬ፣ ዘጠኝ አሥረኛ ይሁን ብለዋል።”

“ሙሉውን በላቸው” አለች፣ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል። እጅጌው ከራሷ በላይ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል።

ሾፌሩ እንደወጣ፣ “ዋጋውን ጨምሪበት!” አልኳት። “እጥፍ አድርጊበት፤ በመጨረሻ ይከፍላል። እንቅልፍ አጥቷል እኮ!”

“አንቺንም ጀመረሽ?” አለችኝ። “ያልኩት ይበቃል። ይልቅ ያንን ጥቁር ክር አቀብዪኝ።”